ሐዘንተኞቹ

ልጅቷ ፀጉሯን በግራ በኩል ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ፣ የቀረውን ወይን ጠጅ ቀለም አስነክራ እናቷ ፀጉር ቤት የገባችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስቱም የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች ሰው ይዘዋል፣ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፣ የሰው ሐሜት ደግሞ አልቆ ሁሉም አዲስ ወሬ ጠምቶታል። በጓሮ በር ብትገባ ምን ነበረበት? እናቲቱን ያን ቀን ከፀጉሩ ይልቅ ያንገበገባት ይኸው ነው፤ የልጇን ጉድ ከሠፈሩ ሴት ሁሉ እኩል ማየቷ።

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶባት ነው?» አለች አንዷ ደንበኛ ካስኩ ውስጥ ሆና። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ የምትናገረው እየጮኸች ነው፤ በመንገድ የሚያልፈው ሳይቀር ዞሮ አየ።

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ጫማዋ የወታደር ነው፤ ዓይኗን ዙሪያውን ኩል ተኩላ አጥቁራዋለች። ጥያቄውን ሰምታ ቆም አለችና፣

«ገና ነው» አለች።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እናትየዋ ግን የያዘችውን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ሳሕኑ ላይ ጣል አድርጋ ልጇን በክንዷ ይዛ በመጋረጃው በኩል ወደ ውስጥ ጎተተቻት።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ሽቦ።»

«ሽቦ ብሎ ሰው አለ? አጥር ነው ልጅ?»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራትም ነበር። «ጓደኛዬ ነው» አለች።

«መስመሩን አጣሞታል፤ እጁ ይሰበር! አንቺንስ እዚያ ማን ነው የሚሉሽ? ምስማር?»

«ሌሊት።»

«ቀን ምን አጠፋ?» አለች እናትየዋ፤ ከዚያ ግን ቁጣዋ ትዝ አላትና በጥፊ መታቻት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ጀመረ ይባላል በሠፈሩ። አልጀመረም። የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ ግን ሲጀምር ካስክ ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ፀጉር ቤቱ የእናትየዋ ሀብትም ኩራትም ነበር። ከባሏ ስትለያይ ልጅ አዝላ በሰው ፀጉር ቤት ራስ ከማጠብ ጀምራ፣ ኬሚካሉ ጣቶቿን እየላጣት፣ ቀስ በቀስ የቤቷን የፊት ክፍል የራሷ ፀጉር ቤት አደረገችው። ከኋላ ሁለት ክፍል ቀረ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የልጇ። ባልየው ሌላ ከተማ ሄዶ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እዚያው አግብቶ ወልዷል። ክፉ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዝም ከሚላት የሚሰድባት ይሻላታል።

ልጅቷን በቤት ውስጥ ሚጡ ነበር የሚሏት። አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ምላሰኛ፣ ደንበኛ የምታስቅ፣ የሰውን አነጋገር እየኮረጀች ሆድ የምታስይዝ ልጅ ነበረች። ከዚያ አንድ ክረምት ላይ እንደ ፋኖስ ጠፋች። ተነሽ ሲሏት አትነሳም፤ ተኝታም አትተኛም። ሳሕኗን አንስተው ሲያዩት ምግቡ እንደተቀመጠ ነው። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጋደማለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ያመመሽ ነገር አለ?»

«የለም፣ ደክሞኝ ነው።»

«ምን ሠርተሽ?» ትላለች እናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሰው ናትና ነገሩ ያናድዳታል። «ዕድሜዋ ነው» አለቻት ታላቅ እህቷ፤ አለቀ። እትዬ የምትላት ይህች ታላቅ እህቷ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ነገር ሁሉ ማኅተም ተመትቶበት የሚያልቅ ይመስላታል።

ልጅቷ ከሐዘንተኞቹ ጋር የተዋወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘንተኞቹ ያላቸው ሠፈሩ ነው፣ ጥቁር ስለማያወልቁ። ስድስት ሰባት ልጆች ናቸው፤ የተዘጋው ሲኒማ ቤት ደረጃ ላይ ተኮልኩለው፣ ቆርቆሮ የሚጎተት የሚመስል ሙዚቃ ከአንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እየሰሙ ይውላሉ። ወንዶቹም ይኳላሉ። ጣታቸው በቀለበት ታጭቋል። አላፊ አግዳሚው ይስቅባቸዋል፤ እነሱም አላፊ አግዳሚው ላይ ይስቃሉ። አለቃ ባይኖራቸውም ነገር የሚመጣው ከሽቦ ነው። ሽቦ የጎሚስታው ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆሞ ሲያወራ እንኳ ጎንበስ የሚል።

አንድ ነገር መካድ አይቻልም። ልጅቷ ከእነሱ ጋ መዋል ከጀመረች ወዲህ መብላት ጀምራለች። ከክፍሏ በስልክ ስትስቅ ትሰማለች። እናትየዋ ሳቁን ሰምታዋለች፤ ግን ሳቁን ከነማን ጋር ነው የምትስቀው ብላ ነው የሰማችው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነገር ተደራረበ። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር እናትየዋን አስጠርቶ፣ እንዲህ ያሉ ቡድኖች አደገኛ እንደሆኑ፣ በሌላ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ራሱን እንዳጠፋና እሱም ጥቁር ይለብስ እንደነበር ነገራት። ሬዲዮ ላይም አንድ ሰው ቀርቦ እንደዚያው አለ። እትዬ ደግሞ ይህንን ሁሉ ከሰማች ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ካስክ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትናገረው ሌላ ነገር የላትም።

«በደም ይማማላሉ አሉ!»

«ኧረ ተይ እትዬ።»

«ተይ ትለኛለች! በኋላ ተይ ያልሽውን ታስታውሺዋለሽ።»

አንድ እሑድ እናትየዋ የልጇን ፀጉር ልታጥብላት ተቀመጠች። ታርቀው ነበር፤ ወይን ጠጁ ቀለም እየለቀቀ ስለነበር ልታስተካክልላት ቃል ገብታ ነው። ልጅቷ አንገቷን ገንዳው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። ውሃው እጅጌዋን እንዳያርሰው እናትየዋ ሰብሰብ አደረገችላት። ያን ጊዜ አየችው። ክንዷ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ነጣ ነጣ ያሉ ጠባሳዎች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ልጅቷ ብድግ አለች፤ ውሃው ወለሉን አጠበው። «ድመት ናት።»

«ድመት የለንም!»

«የሰው ድመት።»

እናትየዋ የጠባሳ ዕድሜ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ እጇ ላይ የኬሚካሉም የካውያውም አለ። እነዚያ መስመሮች የቆዩ ነበሩ። ግን መቼ ብላ አልጠየቀችም። ማን አስተማረሽ ብላ ነው የጠየቀችው፤ መልሱንም ራሷ ይዛው ነበር።

ሽቦ ፀጉር ቤት የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት። አንዲት ደንበኛ ነበረች፤ የፀጉር ቤቱ ረዳት ልጅ ፀጉሯን በፎን እያደረቀችላት ነው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ያያል። ዓይኑን ተኩሏል፤ ጫማውን ግን ወልውሎ ነው የመጣው።

«ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ላናግርዎት።»

እናትየዋ ማን እንደሆነ ለማወቅ አልቸገራትም። «እዚሁ ተናገር» አለችው።

ልጁ ደንበኛዋን አየ። «ብቻዎን ቢሆን…»

«እኔ ከአንተ ጋር ብቻዬን የማወራው ምስጢር የለኝም።»

ልጁ ደጃፉን አልፎ ገባ። «ሌሊት… ሚጡ ማለቴ ነው፤ ደህና አይደለችም። ለማንም አንናገርም ብለን ምለንላት ነበር። ግን አሁን ፈራን። መኖር አልፈልግም ነው የምትለው። ቀልዷን አይደለም። ተራ ገብተን ነው የምንደውልላት፤ ብቻዋን እንዳትሆን። ሐኪም ጋ ይውሰዷት እባክዎ። እኛም ልጆች ነን፤ አልቻልንም።»

ፎኑ ጠፋ። ረዳቷ እጇ ላይ እንደያዘችው ቀርታ ታዳምጣለች። ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ እናትየዋን ታያለች። እናትየዋም ያየችው ልጁን ሳይሆን ደንበኛዋ እንደምታያት ነው። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ።

«አሳብደሃት ስታበቃ አሁን ደግሞ ሐኪም ልትመርጥላት መጣህ?»

«እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ነው የጀመራት። ይጠይቋት።»

«አንተን ነው የምጠይቀው! ፀጉሯን የላጨህ፣ ሌሊት ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ! መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ፣ ከዚያ ስለ ሰው ልጅ ታወራለህ!»

ደንበኛዋ ሳቀች። እናትየዋ ሳቁን ስትሰማ ድፍረት አገኘች፤ ከገንዳው ላይ እርጥብ ፎጣ አንስታ ወረወረችበት። ደረቱ ላይ አረፈ። ልጁ ፎጣውን አጥፎ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስቀመጠውና ወጣ።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አለች ደንበኛዋ። ረዳቷ ግን ፎኑን መልሳ አበራችው።

እናትየዋ ከሰዓት በኋላ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጎሚስታው ሄደች። የሽቦ አባት የተነፋ የውስጥ ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ከዓመታት በፊት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ይተዋወቃሉ።

«ልጅህ ልጄን ገደላት» አለችው፤ ሌላ መግቢያ አልፈለገችም። ስለ ጠባሳው ነገረችው፤ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ መሐላው ነገረችው። ሐኪም ጋ ውሰዷት ማለቱን ብቻ አልነገረችውም። ሰውየው ሠራተኞቹ እያዩት እስክትጨርስ አዳመጣትና ጎማውን ከበርሜሉ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው።

«ገባኝ» አለ። «ከእንግዲህ አታየውም።»

ያንኑ ሳምንት ልጁ ወደ ሌላ ከተማ፣ አጎቱ ጋ ተላከ ተባለ። ከመላኩ በፊት አባቱ ምን እንዳደረገው በአጠገቡ ያለው ጋራዥ ሁሉ ሰምቷል። የቀሩት ሐዘንተኞች በየቤታቸው ገቡ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወላጆቻቸውን አንድ በአንድ አስጠርቶ ነበር። የሲኒማ ቤቱ ደረጃ ባዶውን ቀረ።

እናትየዋ ደግሞ የቤቷን ሥራ ሠራች። ከእትዬ ጋር ሆና ጥቁሩን ልብስ ሁሉ በከረጢት ሞልታ አስወጣች። ስልኩን ቀማች። ልጇን ከትምህርት ቤቱ አስለቅቃ ከተማው ማዶ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ከዚያ እሑድ ዕለት የፀጉር ቤቱን በር ዘግታ፣ ልጇን ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ማሽኑን አስነሳች። «ሁሉም እኩል ይብቀል» አለች። ትታገለኛለች፣ ትጮኻለች ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ተቀመጠች። ወይን ጠጁ ፀጉር ትከሻዋ ላይ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ወረደ። ማሽኑ ሲጠፋ፣

«ጨረሱ?» አለች።

እናትየዋ መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንቺ ነበር የምትላት፤ እቅፏ ውስጥ ሆና አንቺ፣ ተጣልተው አንቺ። ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎ ሆነች። «ምሳ ይበላሉ?» «ፎጣው የት ይቀመጥልዎት?» እትዬ ይህንን በሰማች ጊዜ በደስታ ጉልበቷን መታች።

«አየሽ! ሥርዓት ያዘች። ድሮም መጥፎ ልጅ አልነበረችም፤ መጥፎ ጓደኛ ነው።»

የሚቀጥሉት ወራት በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የተሻሉ ወራት ነበሩ፤ እናትየዋን ብትጠይቋት ያን ጊዜ እንዲህ ትላችሁ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤት ትመጣለች። ወለሉን ትጠርጋለች፤ ፎጣ ታጥባ ታጥፋለች፤ ቢጎዲኑን በየመጠኑ ትለያለች። የገባውን ሁሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትላለች። ፀጉሯ አጭር ሆኖ እኩል በቅሏል፤ ቀሚስ ለብሳለች። ደንበኞቹ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላሉ። ካስክ ውስጥ ሆና ማን ሞተባት ያለችው ሴትዮ ሳትቀር ጉንጯን ሳመቻት። እናትየዋ ሥራ ይዛ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ልጇን ታይና ሆዷ በኩራት ይሞላል። አስቂኝ የሰው አነጋገር መኮረጇን እንደተወች አላስተዋለችም። ማንንም እንደማትኮርጅ፣ በማንም እንደማትስቅ፣ ስሟን ካልጠሯት እንደማትናገር አላስተዋለችም። ጨዋነት መሰላት፤ ቤቱ ጸጥ ብሏላ።

አንድ ቀን ረዳቷ ልጅ ወደ እናትየዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣

«ሚጡ ቀለበቶቿን ሰጠችኝ» አለቻት። «ያቺን የምትወዳትን ጃኬትም፤ ደብቃት ኖሯል። ክፍሏንም ባዶ አድርጋ አጽድታዋለች። ልቀበላት እንዴ? ደስ አላለኝም።»

«ተቀበያት እንጂ!» አለች እናትየዋ፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «ትታዋለች ማለት ነው። ጨርሶ ወጣላት ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ረዳቷ ከሰዓት በኋላ ፎጣ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። የልጅቷ በር ተዘግቷል፤ አንኳኳች፤ ደግማ አንኳኳች። ከፈተችው። ጩኸቷን ከፎኑ ድምፅ በላይ ሰሙት። ልጅቷ ምን እንዳደረገች መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለመሞት ነበር፣ ደግሞም ምንም አልቀራት። ረዳቷ ፎጣ ባያልቅባት ኖሮ ይቺ ታሪክ እዚህ ላይ ታበቃ ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አንድ ረጅም የብረት ወንበር አለ። እናትየዋ በሽርጧ እንደሆነች እዚያ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን የሰው ፀጉር ቀለም በጥፍሯ ትፍቃለች። እትዬ አጠገቧ ተቀምጣ «ያ ሽቦ ነው፤ ያ ሽቦ ነው» ትላለች። እናትየዋም አብራ ትላለች። ልጅቷ ተርፋለች ብለው ሲነግሯት እንኳ መጀመሪያ ያለችው «እሱን ነው ማሰር» ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ ከነቃችው ልጅ ጋር ተነጋግራ እናትየዋን ለብቻዋ አስጠራቻት። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። የልጅቷ እንቅልፍ እንዴት ነበር? ምግቧስ? ከመቼ ጀምሮ? እናትየዋ ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ነው ያላት፤ ጥቁር ለባሾቹን አወራች፣ ፀጉሩን፣ ሙዚቃውን፣ ጠባሳውን።

ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ፣

«ሕመሙ የጀመራት አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ማንንም አታውቅም ነበር» አለች። «ጠባሳውም የዚያን ጊዜ ነው። በእርግጥ ልጆቹ ሊያድኗት አይችሉም፤ የታመመ ሰው በጓደኛ ብቻ አይድንም። ግን የሚያውቅላት ሰው ነበራት። እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚያውቅላት ሰው አልነበረም።»

«ለእኔ ማንም አልነገረኝም!» አለች እናትየዋ።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ክው ብላ ቀረች። ሐኪሟ የምትጽፈውን ትታ ቀና አለች፤ የምትጨምረው ነገር ያለ መስሏት ጠበቀቻት። እናትየዋ ግን ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም መፋቅ ጀመረች።

ልጅቷ ነቅታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷንም አልጠየቀች፤ ሐኪሟን ነው። ሽቦን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ሐኪሟም ቢቻል ጥሩ ነው አለች።

እናትየዋ ከሆስፒታሉ ቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄደች። ሰውየው ተንበርክኮ የመኪና ብሎን ያጠብቃል፤ አይቷታል፣ ግን አልተነሳም።

«ልጅህን ፈልጌ ነበር።»

«ለምን? የቀረሽ ነገር አለ?»

«ሚጡ ሆስፒታል ናት። እሱን ማየት ትፈልጋለች። እባክህ ደውልለት።»

ሰውየው መፍቻውን አስቀመጠ። «የት ልደውል? ወንድሜ ቤት ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ወጥቶ ጠፋ። ስልኩ አይሠራም። አይተነዋል የሚሉን ቦታ ሁሉ ሄጃለሁ።» ተነሥቶ ቆመ፤ ለካ እሱም ረጅም ነው። «እኔ ልጄን መትቼ አላውቅም ነበር። አንቺ ልጅህ ገደላት ብለሽ በሠራተኞቼ ፊት ስትጮሂብኝ ነው የመታሁት። ዛሬ ደግሞ አምጣው ትይኛለሽ። ሂጂ በቃ፤ ሂጂልኝ።»

ሌሎቹን ልትፈልግ ሞከረች። ከሐዘንተኞቹ አንዷን ልጅ የልጇ የቀድሞ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘቻት፤ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ነጭ ሹራብ ለብሳ፣ መጀመሪያ አላወቀቻትም ነበር። ሆስፒታል ድረስ መጥታ አንዴ ብቻ እንድታያት ለመነቻት። ያቺ ልጅ ጫማዋን እያየች፣

«ለእናቴ ነገሯት፣ ሚጡ ያደረገችውን» አለች። «ከእንግዲህ ከእሷ ጋር እንዳላይሽ ብላኛለች። ይተላለፋል አለች።»

«ምኑ ነው የሚተላለፈው?» አለች እናትየዋ፤ ግን ይህንን ንግግር ከየት እንደምታውቀው ታውቃለች። ድምፁ ነው እንጂ የተለየው ቃሉ የራሷ ነበር።

ሆስፒታል ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ውጭውን ታያለች፤ ፊቷ አብጧል።

«አላገኘሁትም ልጄ። ጠፍቷል አሉኝ።»

«ይጠፋል» አለች ልጅቷ። «ድሮም ነው የተወኝ። እኔን ለማየት እንኳ አልመጣም። ሁሉም ተዉኝ። ባልናገር ይሻል ነበር፤ ከበድኳቸው።»

እናትየዋ ዝም ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። ልጁ የለም፤ ረዳቷ አትናገርም፤ ደንበኛዋም ረስታዋለች። ዝም ብትል ልጅቷ ጓደኛዬ ከዳኝ እንዳለች ትኖራለች እንጂ እናቷን የምትጠይቀው ነገር አይኖርም። ሐሳቡ መጣባት፤ መምጣቱም ራሱ አሳፈራት። ነገር ግን የልጅቷ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል፤ ክንዷ ተገልጦ ይታያል።

«መጥቶ ነበር» አለች።

ልጅቷ ዞረች።

«ፀጉር ቤት መጥቶ ነበር። ደህና አይደለችም፣ ሐኪም ጋ ይውሰዷት አለኝ። እኔ… ሰው ነበረ። አባረርኩት። ከዚያ አባቱ ጋ ሄድኩ። እሱ አልተወሽም፤ እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትሰድባት ደስታዋ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ብትወረውርባት ደስታዋ ነበር።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ጥቁር… ጫማውን ወልውሎ ነበር።»

ልጅቷ ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ክፍሏን ዘግታ የተኛችባቸው ዓመታት ሁሉ እንባ የተጠራቀመ ይመስል ነበር። እናትየዋ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ሳትቆጣ፣ ሳትገፋትም፣ የራሷን እጅ ብቻ ከአጠገቧ አራቀች።

«እርስዎ ይሂዱ» አለች። «አባባን ይጥሩልኝ።»

አባትየው በማግስቱ መጣ። እንደ ልማዱ ብዙ አልተናገረም፤ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። ሐኪሟ ልጅቷን ስትወጪ የት መሆን ትመርጫለሽ ብላ በጠየቀቻት ጊዜ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም። አባባ ጋ አለች። እትዬ ኮሪደሩን በእሪታ ቀወጠችው፤ እንጀራ እናት ምን እንደምታደርግ፣ መጋዘን ሠራተኛ ቤት ምን እንዳለ ሁሉ ዘረዘረች። «እትዬ፣ ዝም በይ» አለቻት እናትየዋ። ታላቅ እህቷን እንዲህ ብላ ስትናገራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቢሆንም ጊዜው አልፎ ነበር።

አሁን እናትየዋ እየደወለች፣ ይምጡ ሲሏት እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እየሄደች ታያታለች። የአባትየው ቤት ጠባብ ነው፤ ሁለት ትናንሽ ልጆች ይንጫጩበታል። ልጅቷ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፤ እዚያ ያለ ሐኪምም ያያታል። መጥፎ ቀኖች አሏት፤ እንደዚያ ሲሆን ለእንጀራ እናቷ ዛሬ መጥፎ ቀን ነው ብላ ትነግራታለች፤ እንጀራ እናቷም እሺ ብላ አጠገቧ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች። ይህንን የነገራት አባትየው ነው። ምንም አላሰበበትም፤ ወሬ ብሎ ነው የነገራት።

ባለፈው ጊዜ እናትየዋ ቀድማ ደርሳ ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ጥቁር ቲሸርት ለብሳ፣ ከእንጀራ እናቷ ጋር ገመድ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ የሆነ ሰው አነጋገር ትኮርጃለች። በአፍንጫዋ እየተናገረች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ሴትየዋ በሳቅ ልብሱን አቅፋ ተቀምጣለች። እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ አብራ ሳቀች፤ ሳታስበው ነው። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ዞረች። እጇን ከወገቧ አወረደች።

«ደህና ዋሉ?» አለች። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።» ወንበር አወጣችላት። ውሃ በብርጭቆ አመጣችላት፤ በሁለት እጇ ይዛ። ስለ ትምህርቷ ስትጠይቃት ሁሉንም በትክክል መለሰችላት። ፀጉሯን ላስተካክልልሽ ስትላት፣ አይድከሙ አለቻት።

ሽቦ እስካሁን አልተገኘም። አባቱ ጎሚስታውን ለሰው ትቶ በየከተማው ይዞራል ይባላል።

ፀጉር ቤቱ ግን እንደቀድሞው ሞቅ ብሏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ፣ «ሚጡ እንዴት ናት?» ይሏታል።

«ደህና ናት» ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም።

«መቼ ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው ታዲያ?»

«ትምህርቷን ስትጨርስ» ትላለች፤ የሚቀጥለውን ፀጉር በማበጠሪያ ትከፍላለች። ልጅቷ እንደዚያ ብላት አታውቅም።